ያልተለካችው ሞላ

ጥቅምት 11 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ሚዛን ስድሳ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖት ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም በኖረባቸው አርባ ዓመታት ያ ስም ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር ከሰው አፍ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ሁለት ዕቃ በሁለት እጁ አንሥቶ የትኛው በምን ያህል እንደሚከብድ ሳይሳሳት ስለሚናገር ጎረቤቱም ደንበኛውም ጋሽ ሚዛን ይለው ነበር፤ እርሱም ስሙን ወድዶት ኖሯል።

የዚያን ጠዋት ከጋራዡ በር ቆሞ መንገዱን ይመለከት ነበር። አንዲት ልጁ አዲስ ካምሻፍት የተገጠመለትን ሞተር ልትሞክር ወደ ተተወው የድንጋይ ካባ መንገድ ከወጣች አንድ ሰዓት አልፏል። ልጅቱ ሠላሳ ዓመት የሞላት የመሬት ቀያሽ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሣሪያ እያነጣጠረች የሰው ድንበር ትለካለች፤ ትርፍ ጊዜዋን ግን ለአቀበት ውድድር ሰጥታዋለች። በዚህ ውድድር መኪኖች አንድ በአንድ፣ በሰዓት እየተለኩ፣ ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ይወጣሉ። የሚቀጥለው ውድድር ለእሑድ ተቀጥሯል።

መምጣቷን ከማየቱ አስቀድሞ በጆሮው ሰማው። መኪናዋን አቁማ፣ ሄልሜቷን አውልቃ፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ በደቂቃ እስከ ስድስት ሺህ ዙር ድረስ ሞተሩ እንደሚበር፣ ከስድስት ሺህ ሁለት መቶ በላይ ሲሆን ግን ቃል እንደ ጠፋበት ሰው እንደሚንተባተብ ነገረችው።

«ካንዴላ ነው» አለ ጋሽ ሚዛን።

ፈጥኖ መመለሱን ራሱም ታዘበው። ልጅቱ ጨርቁን አጣጥፋ «ጋሼ ጥይቱም መንተባተቡን ነበር ያወራው፣ አባዬ» አለች።

ያ ስም በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከተጠራ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ጥይቱ የሚባለው ሰው የጋሽ ሚዛን ሚዜ ነው። ጋሽ ሚዛን የሠራቸውን ሞተሮች ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በአቀበቱ ላይ የነዳው እርሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ አብቅቶ ክርኑ የሚባለው መታጠፊያ በሚጀምርበት ቦታ፣ ሞተሩ በድንገት ደረቀ፤ መንኰራኵሮቹ ታሰሩ፤ መኪናዋም ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላተመች። ከመንገዱ በግራ ግንቡ፣ በቀኝ ገደሉ ነው፤ በግራ በኩል በመምታቱ ሕይወቱ ተረፈ። ቀኝ እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ ምርኩዝ ካልያዘለት አልሄድ አለ። ሞተሩ ሲፈታ አንዱ ቫልቮላ ከፒስተን ጋር ተጋጭቶ ተጣሞ ተገኘ። ጥይቱ ከሐኪም ቤት አልጋው ላይ ሆኖ ማርሹን ከመንካቱ በፊት ሞተሩ እንደ ተንተባተበ ተናገረ። ጋሽ ሚዛን ግን ነጂዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት አፉን ሞልቶ፣ ሞተሩ ደህና እንደ ነበረ፣ ጥይቱ ማርሽ ስቶ አራት ማስገባት ሲገባው ሁለት እንዳስገባ፣ ሞተሩንም ከዓቅሙ በላይ አዙሮ እንደ ገደለው መሰከረ። የጋሽ ሚዛን ቃል ሲመዘን የኖረ ነውና ሰው ሁሉ ያንን ያዘ። ጥይቱ መልስ አልሰጠም። ሁለቱም ሰላምታ ተዉ።

አሁን ልጅቱ ያንኑ መንተባተብ ይዛ ፊቱ ቆማለች። እንዳይቆጣባት ሳትፈራ፣ ድምፅዋንም ሳታነሣ፣ ሐሳቧን ነገረችው።

«እሑድ አንተ ደህና ነው ካልከኝ እነዳለሁ። አይደለም ካልከኝ እተወዋለሁ። እኔ የማየው ነገር የለም፤ ቃልህን ይዤ ነው የምወጣው።»

የመኪናዋን ቁልፍ በሥራ ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። በሞተሩ ራስ፣ ሠራተኛው ቴስታታ በሚለው ክፍል ውስጥ፣ አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ ስምንት ቫልቮላዎች አሉ። ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ እንቁላል የመሰሉ ጉብታዎች አሉት፤ ሲዞር ጉብታው ቫልቮላውን ገፍቶ ይከፍተዋል። መልሶ መዝጋት ግን የእርሱ ሥራ አይደለም፤ የሚዘጋው ሞላው፣ ሲጫኑት አጥሮ ሲለቁት የሚነጥረው ጥምዝ ሽቦ፣ ነው። የቀድሞው ካምሻፍት ቫልቮላውን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይከፍት ነበር፤ አዲሱ ዐሥራ ሁለት ይከፍታል። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ለተመልካች ኢምንት ነው፤ ለሞላ ግን ሌላ ኑሮ ነው። ሞላው ልል ከሆነ፣ ሞተሩ በፈጠነ ጊዜ ቫልቮላውን በሰዓቱ መመለስ ያቅተዋል፤ ከታች እየበረረ የሚመጣው ፒስተንም ያልተዘጋ ቫልቮላ ያገኛል። ሞላው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ቫልቮላው ተከፍቶ ሳይጨርስ ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ተነባብረው ድርቅ ይላሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም።

ከካምሻፍቱ ጋር የመጣው ወረቀት ሞላው ሃያ ስድስት ሚሊ ሜትር እስኪሆን ሲጫን ሰማንያ አምስት ኪሎ እንዲመልስ ያዝዛል። ጋሽ ሚዛን ይህን ባነበበ ጊዜ ደስ ብሎት ነበር፤ ቁጥሩ የእናትየዋ ቁጥር ነውና።

እናትየዋ አንዲት ሞላ ናት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እርሷና አንዲት መንትያዋ ከነወረቀታቸው አብረው መጡ፤ ወረቀቱም ይህንኑ ሰማንያ አምስት ኪሎ ይመሰክር ነበር። ጋሽ ሚዛን የሞላ መመዘኛ መሣሪያ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ የራሱን ዘዴ አበጀ። እናትየዋንና ሊመዝነው የፈለገውን ሞላ አፍ ለአፍ አጋጥሞ፣ በመካከላቸው ቀጭን ብረት አግብቶ በሞርሳ፣ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው መሣሪያ፣ ይጨምቃቸዋል። ሁለቱ እኩል ካጠሩ ጉልበታቸው እኩል ነው። አዲሱ ይበልጥ ካጠረ ልል ነው፤ ማጠሩ ካነሰ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው። ልሎቹን ይጥላል። ድርቆቹን፣ ብረት ለመጣል እጁ ስለማይታዘዝለት፣ እምቢተኞች ብሎ በሰየመው ቆርቆሮ ውስጥ ያከማቻል። እናትየዋ እንዳትጠፋበት በጣም ይሳሳላት ስለ ነበር፣ ሥራ ሲያበቃ እዚያው ሞርሳው ውስጥ አጥብቆ ጨምቆ ያሳድራት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አደረች።

ረቡዕ ዕለት የሞተሩን እሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ለወጠ። ገመዶቹንም ለወጠ። ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ። ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ እንደገና ወደ ካባው መንገድ ወጥታ መጣችና መንተባተቡ እንዳለ መሆኑን ራሷን ነቅንቃ ነገረችው።

ሐሙስ ቴስታታውን አወረደ። ቫልቮላዎቹን ገልብጦ ቤንዚን ሞላባቸው፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም፤ የተጣመመ የለም ማለት ነው። ፒስተኖቹን ሲያይ ግን በሁለተኛው ፒስተን አናት ላይ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠነ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት አገኘ። በጣቱ ጠረገው፤ አልጠፋም። ቫልቮላው ፒስተኑን ነክቶታል። ገና አልመታውም፤ ነካ አድርጎት ብቻ ነው ያለፈው። ጋሽ ሚዛን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ስምንቱንም ሞላዎች አውጥቶ ከእናትየዋ ጋር አንድ በአንድ በሞርሳው ጨመቃቸው። ስምንቱም ከእርሷ ጋር እኩል አጠሩ። የፀጉር ያህል ልዩነት አላየባቸውም። ደስ ሊለው የሚገባ ነገር ነበር፤ እርሱ ግን ሲደጋግመው ዋለ። ለሦስተኛ ጊዜ እየጨመቀ ሳለ የጎረቤቱ ባለ ቶርኖ ሞረድ ሊዋስ ገባ። ይህ ሰው ብረት አሽከርክሮ ሲቀርጽ እጁ ጭጭ ያለ ነው፤ ምላሱ ግን በዓል እንኳ የለውም። ወገቡን ይዞ ቆሞ አየና፣ ልጆቹ እንዴት ሆኑ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሚዛን ሁሉም እናታቸውን እንደ መሰሉ ነገረው።

«እሰይ፣ ደግ ነው» አለ ባለ ቶርኖው። «እናትየዋንስ ማን መዘናት?»

በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ስቆ፣ ሞረዱን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

ጋሽ ሚዛን እጁ በሞርሳው እጀታ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሞርሳውን ቀስ ብሎ አላላውና እናትየዋን በመዳፉ ላይ አኖራት። እንደ ወትሮዋ ናት። ለብቻዋ ስትታይ ምን ይጎድላታል ሊባል ይችላል? ከእርሷ ጋር የምትነጻጸር ሌላ ታስፈልጋለች፤ እርሷን የምታህል ደግሞ መንትያዋ ብቻ ናት። መንትያዋ ያለችው ጥይቱ ዘንድ ነው። ከመጀመሪያው ድላቸው ማግሥት ለማስታወሻ ብሎ የሰጠው ጋሽ ሚዛን ራሱ ነበር።

ያንን ቀን አልሄደም። ፊት ነሥቶ የኖረ ሰው እግሩ በቀላሉ አይነሣለትም።

ዓርብ ጠዋት እናትየዋን በኮቱ ኪስ ይዞ ወጣ። የጥይቱ ሱቅ ከጋራዡ ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል፤ ጋሽ ሚዛን ግን በዚያ ላለማለፍ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰፊው ጎዳና ሲዞር ኖሯል። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ ሆድ ዕቃቸው በወጣ ሬዲዮኖች ተሞልቷል። ጥይቱ እግሩ ከተጎዳ በኋላ የያዘው ሥራ ሬዲዮ መጠገን ነው። ምርኩዙን በወንበሩ ክንድ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንዲት ሽቦ በብየዳ እያጣበቀ ነበር። ቀና ሳይል በእርምጃው አወቀው።

«ሬዲዮ ተበላሸብህ?»

«ሬዲዮ የለኝም።»

«አውቃለሁ» አለ ጥይቱ።

ሽቦውን አጣብቆ እስኪጨርስ ጋሽ ሚዛን ቆመ። ተቀመጥ አላለውም። በጠረጴዛው ጥግ፣ እርሳሶችና እስክሪብቶዎች ተሰክተውባት፣ መንትያዋ ሞላ ቆማለች። ጋሽ ሚዛን ያቺን ሞላ ለአፍታ ሊያያት እንደ መጣ ተናገረ። ለምን እንደ ሆነ አልጨመረም። ጥይቱም ለምን አላለም። እርሳሶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና ሞላዋን ወደ እርሱ ገፋት።

ጋሽ ሚዛን እናትየዋን ከኪሱ አውጥቶ አጠገቧ አቆማት። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ጎንበስ ብሎም እርግጠኛ መሆን አቃተው። ጥይቱ ይህን አየ። ከእርሳሶቹ አንዱን አንሥቶ በሁለቱ ሞላዎች አናት ላይ፣ እንደ ድልድይ፣ ቀስ አድርጎ አጋደመው።

እርሳሱ ለአፍታ ጸና። ከዚያ ወደ እናትየዋ በኩል ማዝመም፣ መንሸራተት ጀመረ፤ ከጠረጴዛው ላይ ወድቆ በሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ሁለቱም አላነሡትም።

ጥይቱ ከመሳቢያው ማስመሪያ አወጣ። መንትያዋ አርባ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ናት። እናትየዋ አርባ ሰባት አትሞላም።

ጋሽ ሚዛን በአእምሮው አሰላው። ሁለት ሚሊ ሜትር ያጠረች ሞላ ሰባት ስምንት ኪሎ ጉልበት ጎድሏታል። ይህ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። እየሳሳላት በሞርሳ ጨምቆ ባሳደራት ቍጥር ጥቂት ጥቂት እየሰጠች ነው እዚህ የደረሰችው። በእርሷ ልክ የመረጣቸው ሁሉ እንደ እርሷ የላሉ ናቸው፤ ልክ የነበሩትን ደግሞ እምቢተኛ እያለ ቆርቆሮ ውስጥ ሲከት ኖሯል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የክርኑ መታጠፊያ አፋፍ ላይ፣ ማን ምን እንዳደረገም አሁን ግልጽ ነው። ዓይኑን ከማስመሪያው አነሣ።

«ማርሽ አልሳትክም።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለ ጥይቱ በዝግታ። «ማርሹ ላይ የነበረው የእኔ እጅ ነው፣ ያንተ አይደለም። ይኸውልህ፣ ለእኔ አትንገረኝ። ያልክበት ቦታ ሄደህ፣ የሰሙህ ሰዎች ባሉበት በለው።»

ጋሽ ሚዛን ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሞላዋን እንዲያውሰው ለመነው። ጥይቱ ሰጠው፤ ከበሩ ሳይወጣ ግን ጠራውና፣ እሑድ ከልጁ ሌላ ስንት ሰው በእርሱ ሞላ እንደሚወጣ ጠየቀው። ጋሽ ሚዛን ይህን አላሰበውም ነበር። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከሌላ ከተማ እሑድ ጠዋት የሚመጡ ናቸው።

«ስለዚህ ውድድሩ ሳይጀመር ነው የምትናገረው» አለ ጥይቱ። ወደ ሽቦውም ተመለሰ።

ቅዳሜ ልጅቱ ቤት ስለ ነበረች ጋሽ ሚዛን የሆነውን ሁሉ ነገራት። በሥራዋ መሣሪያዋ የተዛባባት ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃለችና እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቡ ቆመች። የእምቢተኞቹን ቆርቆሮ በጠረጴዛው ላይ ደፉት። ሃያ ሦስት ሞላዎች ወጡ። አሁን መለኪያዋ መንትያዋ ናት፤ በሞርሳው ውስጥ የምትቆየውም መለካት እስኪያልቅ ብቻ ነው።

ከሃያ ሦስቱ ዐሥራ አንዱ ከመንትያዋ ጋር እኩል አጠሩ። ይህ የሥራው እኩሌታ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጥምጥሙ እስኪነባበር ጨምቀው ርዝመቱን ለኩ። ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞላው ሃያ ስድስት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ሃያ አምስት እስኪሆን ሳይነባበር መጨመቅ አለበት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለትንፋሽ ትቀራለች። አራቱ ከዚያ በፊት ደረቁ። እነርሱን ለየብቻ አኖሯቸው። ሰባት ቀሩ።

ሰባቱን በመደዳ አቁመው ተመለከቱ። የሚያስፈልገው ስምንት ነው። በከተማው ያሉት ሱቆች እንዲህ ያለ ሞላ አይዙም፤ ቢታዘዝም ለእሑድ አይደርስም።

ልጅቱ ከልሎቹ በአንዱ ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሮንዴላ፣ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት፣ ቢገባ ጉልበቱ አይጨምርም ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሚዛን ሐሳቡ አስቀድሞ ወደ እርሱም መጥቶ ነበር። ሮንዴላው ሞላውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጉልበቱም በጥቂቱ ይጨምራል። ነገር ግን ለትንፋሽ የተተወችው አንዲቷ ሚሊ ሜትር ናት የምትበላው፤ ሲከፈት ይነባበራል። ይህን አስረድቶ፣ «በአንድ ሞት ፈንታ ሌላ ሞት ነው የምሰጥሽ» አላት። ከዚያ መኪናው እሑድ እንዲቀር ሊነግራት አፉን ከፈተ።

ምርኩዝ የጋራዡን ሲሚንቶ ሲመታ ተሰማ። ጥይቱ ነው። ልጅቱን ጉንጯን ስሞ፣ ቁመትሽ ጨመረ አላት፤ የሠላሳ ዓመት ሴት መሆኗን እያወቀ። ዕቃውን ሊወስድ እንደ መጣ ተናገረ። ጠረጴዛውን አየ፤ ሰባቱን ቆጠረ፤ ስምንተኛዋን በሞርሳው ውስጥ አያት። ማንም አልለመነውም። ጋሽ ሚዛን ለመለመን ፊት አልነበረውም፤ ልጅቱም ነገሩን ለአባቷ ተወችው።

«ጨምሩበት እንግዲህ» አለ ጥይቱ። «እርሳሶቼ ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ።»

መንትያዋንም ሃያ አምስት እስክትሆን ጨምቀው ሳትነባበር አገኟትና ለጥይቱ ወንበር አቀረቡለት። ቴስታታው ተመልሶ እስኪገጠም፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጋ እስኪጠብቅ ድረስ ተቀምጦ አየ። አልፎ አልፎ ስለ ጋሽ ሚዛን መዶሻ አያያዝ ነገር ጣል ያደርግ ነበር፤ ጋሽ ሚዛንም ሬዲዮ ጠጋኝ ስለ መዶሻ ምን ያውቃል ብሎ መለሰለት። ሦስት ዓመት ከቆየ ዝምታ በኋላ ይህ ትልቅ ወግ ነበር።

እሑድ ጠዋት ከአቀበቱ ሥር፣ ስም መዝጋቢው ጠረጴዛውን በዘረጋበት ሜዳ ላይ፣ ነጂዎች ተሰብስበው ነበር። ጋሽ ሚዛን ኮቱን ቈልፎ መካከላቸው ገባ። ረጅም ንግግር የሚወድ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን አሳጠረው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ስፍራ የተናገረው ስሕተት እንደ ነበረ፣ ጥይቱ ማርሽ እንዳልሳተ፣ ሞተሩን የገደለው የእርሱ ልል ሞላ እንደ ሆነ ነገራቸው። ከዚያ ወደ ሁለቱ እንግዶች ዞሮ፣ በመኪኖቻቸው ውስጥ ያሉት ሞላዎች በዚያችው ሞላ ልክ የተመረጡ መሆናቸውን ገለጸ።

አንደኛው ፊቱ ጠቆረ፤ መኪናውን ወደ ተጎታቹ መለሰው። ሁለተኛው እስከ ስንት ዙር ድረስ ይታመናል ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሚዛን አምስት ሺህ አምስት መቶ አለው፤ ሰውዬውም በዚያው ሊነዳ ወሰነ። መዝጋቢው መነጽሩን አውልቆ፣ «የልጅህስ መኪና?» አለ። ጋሽ ሚዛን ሞላዎቹ ሁሉ ትናንት እንደ ተለወጡ ተናገረ።

«ማን አረጋግጦ?»

«እኔ።»

መዝጋቢው ከሦስት ዓመት በፊትም ያረጋገጠው እርሱ መሆኑን አስታወሰው። ሰው ሁሉ ሰማ። ጋሽ ሚዛን አንገቱን ሰበረ። መዝጋቢው ውሳኔውን ለነጂዋ ተወው።

ልጅቱ ሄልሜቷን አጥልቃ በመስኮቱ በኩል አባቷን ጠራችው።

«አባዬ፣ ደህና ነው?»

ማክሰኞ ዕለት ካንዴላ ነው ብሎ እንደ መለሰው አልመለሰም። ስምንቱን ሞላዎች በሐሳቡ አንድ በአንድ አሳለፋቸው፤ ጉልበታቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ በመጨረሻም እርሳስ ይሰካባት የነበረችውን። ከኋላዋ የቆመው ነጂ ጥሩንባውን ነፋ። አልቸኮለም።

«ደህና ነው። ከሰባት ሺህ አትለፊ።»

ባንዲራው ወደቀ። መኪናዋ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀርባ ተሰወረች፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ድምፅዋ ብቻ ነው። ጥይቱ ከጋሽ ሚዛን አጠገብ ምርኩዙን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

«ሁለት» አለ፣ ማርሿን በጆሮው እየቆጠረ።

ድምፁ ከፍ አለ፤ ተራራው ዋጠው፤ ተመልሶ መጣ።

«ሦስት። ቀጥታው ላይ ናት።»

አሁን ያለው ረጅሙ መንገድ ነው። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ቀጠነ። ጋሽ ሚዛን በዚያ ድምፅ ውስጥ ስድስት ሺህን ዐወቀው። ስድስት ሺህ ሁለት መቶም አለፈ። መንተባተቡን ጠበቀ፤ ጆሮው ውስጥ ቀድሞ የሰማው እስኪመስለው ጠበቀው። ድምፁ ግን እንደ ተወጠረ ክር ሳይላላ ወጣ፤ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ፣ ሰባት ሺህ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

ክርኑ ጋ ሲደረስ ኮረብታው ድምፅን ይጋርዳል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ከሦስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ተመልሶ አልመጣም። ጋሽ ሚዛን የጥይቱን ክንድ መያዙን አላወቀም። ጥይቱም አልተቆጣም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እስኪቈጠር ድረስ ነፋስ ብቻ ነበር።

ከኮረብታው ማዶ፣ ዝቅ ባለ ወፍራም ድምፅ፣ ሞተሩ ተሰማ።

«አራት» አለ ጥይቱ። ዓይኑንም ገለጠ።

ልጅቱ በዚያ ቀን ከሁሉ ሦስተኛ ሆነች። ቴስታታው በማግሥቱ ሲወርድ በፒስተኖቹ ላይ አዲስ ምልክት አልተገኘም። ባለ ቶርኖው በሳምንቱ ክንድ ባለው ብረት ላይ የታወቀ ክብደት እየተንጠለጠለ ሞላ የሚመዘንበት መሣሪያ ሠርቶ አመጣ፤ ቀልዱ ብዙ ሥራ እንዳመጣበትም አማረረ። ጋሽ ሚዛን ክብደቶቹን በየዓመቱ ወደ እህል መጋዘን ወስዶ ያስፈትሻቸው ነበር። እናትየዋን አልጣላትም። በጥይቱ ጠረጴዛ ጥግ እርሳስ ተሰክቶባት ትኖራለች፤ አጠር ብትልም ለእርሳስ ትበቃለች።

ይህን ታሪክ የጻፍሁት ከባለቤቶቹ አፍ ከሰማሁትና ዘይት ከጠጣ አንድ ደብተር ከለቀምሁት ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ ሚሊ ሜትሩን ወይም ኪሎውን፣ ወይም የማን ቃል ከማን እንደ ቀደመ አሳስቼ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሜዳ የነበረ ወይም ሞላ በእጁ የጨመቀ አንባቢ ያርመኝ። እርማቱን በደስታ እቀበላለሁ።